ያልተቆረሰው ቂጣ

ትዕዛዝ ዱባለ በክብረት እናት ቤት የቀረበላትን ቂጣ ሳትቆርስ የተነሣች ዕለት፣ ከገሱባ እስከ ሶዶ ባለው መንገድ ሁለቱ አንድ ቃል አልተነጋገሩም። ሚኒባሱ በጎርበጥባጣው መንገድ እየተንገጫገጨ ትከሻቸውን ያነካካዋል፤ ባነካካው ቁጥር ክብረት ወደ መስኮቱ ይሸሻል። ያ ትከሻ ለትዕዛዝ ሁለት ዓመት ሙሉ መጠጊያዋ ነበር። አሁን የሌላ ሰው ትከሻ መሰላት።

ሶዶ መናኸሪያ ሲወርዱ ክብረት ቆመ። ፊቱ አመድ መስሏል።

"እናቴ ያን ዱቄት ከየት እንዳመጣችው ታውቂያለሽ?" አላት።

"ክብሬ፣ እኔ እኮ…"

"ለምና ነው ያመጣችው። ጎረቤት ለጎረቤት ዞራ፣ 'የልጄ እጮኛ ልትመጣ ነው፣ አታሳፍሩኝ' ብላ። የሚያበድሩት የሌላቸው ሰዎች ናቸው ያበደሯት።"

ትዕዛዝ አፏን ከፈተች። እውነቱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ወዲያው ግን የአባቷ ቃል ጆሮዋ ውስጥ ደወለና አፏን መልሳ ዘጋችው።

ክብረት ጠበቃት። ከዚያም በሁለት ዓመት ውስጥ ተናግሯት የማያውቀውን ቃል ተናገራት። "ለነገሩ መጋዘኑ የሞላ ሰው ልጅ ነሽ። በረሃብ ዘመን እህል የሚያንገፈግፈው ሰው ዛሬ አየሁ።"

ይህን ብሎ ሄደ። ትዕዛዝ በረዳቶቹ ጩኸትና በተሳፋሪው ግፊያ መሃል ቆማ ቀረች። ከኋላው ብትጠራው ይመለስ ነበር። ይህንንም ታውቃለች፤ ልቧን ያደማውም ይኸው ነበር።

*

ነገሩ የጀመረው ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በመጋቢት ነበር።

ትዕዛዝ በዞኑ ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ ጸሐፊ ናት። አባቷ አቶ ዱባለ ደግሞ በሶዶ ስማቸው የታወቀ የእህል ነጋዴ። ክብረት ገሱባ አጠገብ ካለች መንደር የወጣ የገበሬ ልጅ ሲሆን ሶዶ ውስጥ ሒሳብ ያስተምራል። የተገናኙት በቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ነው። ልምምድ ሲያበቃ አብረው ወደ ቤት ይሄዳሉ፤ መንገድ ላይ ጥብስ በቆሎ ይገዛና ለሁለት ሰብሮ ወፍራሙን ወገን ለእሷ ይሰጣታል። በዚያ በቆሎ ነበር የተላመዱት። ፍቅራቸውን በአፍ ከመናገራቸው በፊት በዚያ በቆሎ ተነጋግረዋል ማለት ይቻላል።

በዚያ መጋቢት ትዕዛዝን የማይረካ ውኃ ጥም ያዛት። ሰውነቷ ዛለ። የምትተይባቸው ፊደላት ዓይኗ ላይ ይደበዝዙ ጀመር። ሐኪም ቤት ሄዳ ደሟ ሲመረመር የስኳር በሽታ መሆኑ ተነገራት።

ሌላ ሰው ቢሆን ምን እንደሆነ ይጠይቅ ነበር። ትዕዛዝ አልጠየቀችም። እናቷን የገደላት እሱ ነው። ከእናቷ እግር ጣት የተነሣ ትንሽ ቁስል ወደ ላይ ሲወጣ፣ እግሩ ከጉልበት በታች ሲቆረጥ፣ ከዚያ በኋላም የቀረው ሰውነት በዝግታ ሲያልቅ አይታለች። ቁስሉን የምታጥበው እሷ ነበረች።

ሐኪሟ ረጋ ያለች ሴት ነበረች። "ያንቺ ገና መጀመሪያው ነው" አለቻት። "ኪኒኑን ሳታቋርጪ ዋጪ። ከእንጀራ፣ ከቂጣ፣ ከጎደሬ፣ ከስኳር ድንች ቀንሺ። ጎመን፣ እንቁላል፣ አይብ፣ ሥጋ ላይ በርቺ። ደግሞ እግርሽን ጠብቂ።"

ሐኪሟ ቀንሺ አለቻት፤ ትዕዛዝ ግን ከፍርሃቷ የተነሣ ጭራሽ ቆረጠች። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲኦል ነበሩ። ራሷን ይወቅራታል፣ ጉልበቷ ይከዳታል፣ ነገረ ሥራዋ ሁሉ ቁጣ ቁጣ ይላል። ክፍሏ ከመጋዘኑ ጋር በአንድ ግድግዳ የሚገናኝ ስለሆነ የበቆሎውና የጤፉ ሽታ አልጋዋ ድረስ ይመጣል። ትራሷን አፍንጫዋ ላይ ጭና ታለቅሳለች። አንድ ጉርሻ እንጀራ! ያለ ወጥም ቢሆን፣ አንድ ጉርሻ!

ከዚህ የባሰው ደግሞ ሌላ ነበር። ዓመቱ ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ነው። የበልጉ ዝናብ ቀርቶ ወላይታ ተርቧል። ዘግይቶ የጣለው ዝናብ ሣሩንና ቅጠሉን አለመለመው እንጂ ለሰው ጉሮሮ የሚሆን አልሰጠም። መንገደኛ አገሩን ሲያይ የጠገበ ይመስለዋል፤ በየጎጆው ግን ሕፃናት እያበጡ ነው። ከገጠር የመጡ ሴቶች በአቶ ዱባለ መጋዘን በር ላይ እንቁላል ይዘው ይሰለፋሉ። እንቁላላቸውን ለትዕዛዝ ቤት ይሸጡና በዚያው በቆሎ ሸምተው ይመለሳሉ። ጠዋት ጠዋት እንቁላሉ ሳህኗ ላይ ሲቀርብላት የሴቶቹ ፊት ይመጣባታል። ቢሆንም ትበላዋለች፤ መኖር ትፈልጋለችና።

አባቷ ነገሩን ሲሰሙ በሩን ዘግተው ተቀመጡ። እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተናገሩ።

"የእናትሽን ነገር አገሩ ረስቶታል፤ አታስታውሺያቸው። ከዘር የሚመጣ በሽታ አለባት ከተባለ ሽማግሌ ደጃችንን አይረግጥም። ለዚያ ልጅም ቢሆን ከሠርጉ በፊት ትንፍሽ እንዳትይ። ማዪልኝ።"

ትዕዛዝ ማለች። ለአባቷ የቀረቻቸው እሷ ብቻ ነበረች፣ ለእሷም እሳቸው።

ከዚያ ወዲህ ክብረት በቆሎውን ሰብሮ ሲሰጣት "ጠግቤያለሁ" ትለዋለች። በመጀመሪያው ቀን ሳቀ። በሌላው ቀን "አንቺ ደግሞ ሁልጊዜ ጠግበሻል" አላት፤ ያኔ ግን ሳቁ ግማሽ ነበር። በኋላ መግዛቱንም ተወ። ጎን ለጎን እየሄዱ እጁን ኪሱ ውስጥ ሲከት ታየዋለች፤ የሚሰብረው ነገር ያጣ እጅ ነበር። የምትነግረው ነገር እያላት ዝም ብላ መሄድ እንዴት እንደሚከብድ ያወቀችው በእነዚያ ምሽቶች ነው።

*

ያን ዕለት ክብረት ወደ እናቱ ቤት የወሰዳት፣ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት እንዲያይዋት ብሎ ነበር።

ወይዘሮ ጥሩነሽ ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው። ጓሯቸው ያለው እንሰት ሳይደርስ ተቆርጦ አልቋል፤ ላሟም ተሸጣለች። ጎጆው ውስጥ የሟች ልጃቸው ሁለት ሕፃናት ግድግዳ ተደግፈው ቁጭ ብለዋል። የወይዘሮዋ አማርኛ ከገበያ የተለቀመ ነው፤ ሴቱንም ወንዱንም "አንተ" ይላሉ።

"ሳሮ፣ ሰላም ነህ፣ ልጄ! ግባ፣ ግባ፣ ቤትህ ነው" ብለው ሲስሟት ትዕዛዝ ሳቋ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ዓይኗ እንባ አቀረረ። እናት ካጣች ወዲህ እንደዚያ አድርጎ የሳማት ሰው አልነበረም። ክብረት በወላይትኛ እንደሚጠራቸው እሷም "አዬ" አለቻቸው። እናቴ ማለት ነው።

ምግቡ ቀረበ። ትኩስ የበቆሎ ቂጣ፣ የተቀቀለ ስኳር ድንች፣ ጎን ላይ ጥቂት ጎመን። ወይዘሮ ጥሩነሽ ዓይናቸውን ጨፍነው በወላይትኛ ረጅም ጸሎት ጸለዩ። ትዕዛዝ ሁሉንም ባትሰማም ስለ ቂጣው ምስጋና እየቀረበ መሆኑን ተረድታለች። ሕፃናቱ ዓይናቸውን አልጨፈኑም። ቂጣውን ያያሉ።

"አሜን። ብላ፣ ልጄ፣ መጀመሪያ አንተ ቁረስ።"

ትዕዛዝ እጇን ዘረጋች። የቂጣው ሙቀት ጣቷን ነካው። በዚያች ቅጽበት የእናቷ የተቆረጠ እግር፣ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለው፣ ፊቷ ላይ ድቅን አለ። አንድ ቁራሽ እንደማይገድላት አእምሮዋ ያውቃል። እጇ ግን አልታዘዝ አላት። ወደ ጎመኑ ሄደች። ጎመኑን ትንሽ ትንሽ እየቆነጠረች በላች።

"አዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ከቤት በልቼ ነው የመጣሁት" አለች።

ከቤት በልቼ ነው! ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ምን እንዳለች ገባት። በዚያ ሰሞን፣ በዚያ ቤት፣ በእነዚያ ሕፃናት ፊት።

ወይዘሮ ጥሩነሽ አልተቆጡም። በወላይትኛ አንድ ነገር ለልጃቸው ተናገሩ። ክብረት አልተረጎመላትም። አንገቱን ደፋ። እናቱ ቂጣውን በኮባ ቅጠል ሸፈኑት፤ ሬሳ እንደሚሸፍን ሰው ቀስ ብለው።

*

ከዚያ በኋላ ክብረት ለመዘምራን ልምምድ መምጣት ተወ። ሽማግሌዎቹም አልመጡም። አቶ ዱባለ "ይሻላል፤ ለአንቺ የሚሆን ሰው ከተማ ውስጥ አይጠፋም" አሉ። ትዕዛዝ ተነሥታ ወደ ክፍሏ ገባች። ስኳሯ ወርዷል፣ ዓይኗ ጠርቷል፣ ሐኪሟ አመስግናታለች። እሷ ግን መስታወት ውስጥ ስታይ የዳነ ሰው አይታያትም ነበር።

አንድ ቅዳሜ፣ ለአባቷ ሳትናገር፣ ብቻዋን ወደ ገሱባ ተሳፈረች። ከሚኒባስ ከወረዱ በኋላ ያለው መንገድ በእግር ነው። ለሰው ቤት ብላ ያጠለቀችው አዲስ ጫማ ተረከዟን ይልጣት ጀመር፤ ቢሆንም አልቆመችም።

ወይዘሮ ጥሩነሽ ደጃቸው ላይ ጎመን ይቆርጡ ነበር። ሲያይዋት አልተነሡም።

"ምን ፈለግህ?"

ትዕዛዝ ተንበረከከች። "ይቅርታ፣ አዬ። ንቄ አይደለም። ታምሜ ነው። ስኳር በሽታ አለብኝ። እናቴን የገደላት እሱ ነው። እህል ያብስብኛል ብዬ ፈርቼ ነው።"

አሮጊቷ ቢላዋውን አስቀመጡ።

"እህል ሰው ያማል?"

"እኔን ያመኛል፣ አዬ።"

"እዚህ መንደር ልጅ እህል አጥቶ ይሞታል። አንተ ደግሞ እህል ብትበላ ትሞታለህ።" ወደ ሰማይ አዩ። "ጌታ ሆይ፣ ይሄ ምን ዓመት ነው?"

ከዚያ እጇን ይዘው አስነሷትና አጠገባቸው አስቀመጧት። ቁጣው ከፊታቸው ጠፍቶ ነበር። በምትኩ የገባው ነገር ግን ትዕዛዝን ከቁጣው ይልቅ አስፈራት።

"ስማ፣ ልጄ። የክብረት አባት እግር ታመመ። ዝሆኔ። እግሩ አበጠ፣ ፈነዳ፣ ሸተተ። ሰው ቤታችን ገብቶ አይቀመጥም ነበር። እኔ ገበያ ነኝ፣ ማሳ ነኝ። እግሩን ማን አጠበ? ክብረት። ትንሽ ልጅ ሆኖ፣ ጠዋት አጠበ፣ ማታ አጠበ። ትምህርት ቤት ልጆች 'ሸተትክ' ብለው ሸሹት። ግን አባቱ እስኪሞት አጠበ።"

ክብረት ይህን ነግሯት አያውቅም። እሷም የእናቷን አልነገረችውም። ሁለት ዓመት ሙሉ ሁለቱም አንድ ዓይነት ነገር ደብቀው ጎን ለጎን ሲሄዱ ኖረዋል።

"አንተ ጥሩ ልጅ ነህ" አሉ ወይዘሮ ጥሩነሽ። "እኔ አልጠላህም። ግን ነገ እግርህ ቢታመም ማን ያጥባል? እሱ። ዕድሜው ሁሉ የሰው ቁስል ሊሆን ነው? ካወቀ አይተውህም። ልጄን አውቃለሁ። ስለዚህ አንተ ተወው።"

ትዕዛዝ ልትከራከር ፈለገች። ኪኒን አለ፣ ገና መጀመሪያው ነው፣ ሁሉም ሰው እግሩ አይቆረጥም ልትል ፈለገች። ነገር ግን የቁስል ማጠቢያውን ሳህን ይዛ በር ላይ ቆማ ያሳለፈቻቸው ጠዋቶች መጡባት። ያን ለሚወዱት ሰው መመኘት ይቻላል?

"እሺ፣ አዬ" አለች።

አሮጊቷ አቅፈዋት አለቀሱ። ሲረጋጉ ጎመኑን በእሳት ላይ ጥደው፣ ትንሽ የሚያቃጥል ዳጣ ጨምረው፣ ያለ ቂጣ አቀረቡላት። ትዕዛዝ በላች። በዚያ ቤት የሚስማማትን ምግብ ያገኘችው፣ ልጃቸውን እንድትተውላቸው በለመኗት ቀን ነበር።

*

ከመንደሩ ስትወጣ ክብረት ዱቄት ተሸክሞ ሽቅብ ሲመጣ አገኘችው። ከስቷል። ሲያያት ከረጢቱን ከትከሻው አወረደ።

"አንቺ ነሽ?"

"እናትህን ይቅርታ ልጠይቅ መጥቼ ነው። ጠይቄ ልመለስ ነው።"

"እኔ ነኝ ይቅርታ የምጠይቀው" አለ ቶሎ ብሎ፣ እንዳታልፈው የፈራ ይመስል። "መናኸሪያ የተናገርኩሽ ቃል እንቅልፍ ነሥቶኛል። ዛሬ ይኼን አድርሼ ስመለስ ቤታችሁ ልመጣ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ለምን አልበላሽም?"

ዓይኑ እንደ ድሮው ነበር። ያው በመዘምራኑ መሃል ፈልጎ የሚያገኛት ዓይን። ትዕዛዝ ወደ ኋላ ዞራ አየች፤ ከኮረብታው ላይ የጎጆው ጭስ ይታያል። ጥርሷን ነከሰች።

"አልጣመኝም" አለች።

ትዕዛዝ ፊቷን ከእሱ አዞረች።

"የእናትህ ቂጣ አልጣመኝም። የእናንተን ኑሮ አልችለውም። በቃ፣ እወቀው!"

ይቆጣል ብላ ነበር። ተሳድቦ ይሄዳል፣ ለእሱም ይቀለዋል ብላ ነበር። እሱ ግን ቀረብ ብሎ ፊቷን ትክ ብሎ አያት።

"እኛ ቤት 'አልጣመኝም' የምትለው እናቴ ናት" አለ በቀስታ። "ምግቡ ሲያንስ ሳህኗን ወደ እኛ እየገፋች 'አልጣመኝም፣ እናንተ ብሉት' ትላለች። ልጅ ሆኜ አምናት ነበር። በኋላ ፊቷን ማየት ለመድኩ። ትዕዛዝ፣ ፊትሽ አሁን የእሷን ይመስላል። ለማን ነው የገፋሽው?"

ያን ጊዜ ትዕዛዝ መቋቋም አቃታት። መንገዱ ዳር ተቀምጣ፣ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና፣ ሁሉንም ነገረችው። በሽታውን፣ የእናቷን እግር፣ የአባቷን መሐላ፣ እንቢ ያለቻቸውን በቆሎዎች። እናቱ የለመኗትን ብቻ አልነገረችውም። ክብረት ግን "እናቴ ታውቃለች?" ብሎ ጠየቃት፤ ራሷን በአዎንታ ስትነቀንቅ የቀረውን ራሱ ደረሰበት።

"የአባቴን ነገረችሽ" አለ።

"ነገረችኝ።"

አጠገቧ ተቀመጠ። "ምንም አይደለም" አላላትም። "አይዞሽ"ም አላላትም።

"ፈራሁ" አላት በመጨረሻ። "ልዋሽሽ አልችልም። ያን ሽታ እስከ ዛሬ በሕልሜ እሸተዋለሁ።"

"አውቃለሁ። ለዚህ ነው ሂድ የምልህ። ሂድ፣ ክብሬ።"

ልትነሣ ስትል አነከሰች። ክብረት ወደ እግሯ አየ። ፊቱ ተለወጠ።

"ጫማሽን አውልቂ።"

"አላወልቅም! ተወኝ!"

ተንበረከከና ራሱ አወለቀላት። ተረከዟ ተልጦ ደም ቋጥሯል። ክብረት ከቦርሳው ውኃ የያዘ ሃይላንድ አወጣ። አስቀድሞ የራሱን እጅ ታጠበ። ከዚያ ውኃውን በቁስሉ ላይ ቀስ አድርጎ አፈሰሰ፣ በጣቶቿ መሃል ያለውን አቧራ አንድ በአንድ አጠበ፣ በንጹሕ መሐረቡ ሳይፈትግ ነካ ነካ እያደረገ አደረቀ። አልተጣደፈም፤ አልተጸየፈምም። እጁ ሥራውን ያውቃል። የልጅነቱ ሥራ ነውና።

"ተው፣ ክብሬ" አለች በሹክሹክታ። "እባክህ ተው።"

"ዝም በይ" አላት፣ ቀና ሳይል። እንባው እግሯ ላይ ጠብ አለ።

ትዕዛዝ ወደ ኮረብታው አየች። ወይዘሮ ጥሩነሽ የፈሩት ነገር፣ እሷም እሺ ብላ ልትከለክለው የወጣችው ነገር፣ እዚህ መንገድ ዳር ተጀምሯል። ደስ አላት። ደስ ስላላት ደግሞ ከልቧ አፈረች። እግሯን ግን ከእጁ አላወጣችም።